«እሾሃማ አረም» የሚለው ሪፖርት ይብቃን

ክረምቱ ሲጋመስ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞንም ወደ ክልል የሚላኩ የግብርና ሪፖርቶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። በዘር የተሸፈነው መሬት በሄክታር፣ የተሰራጨው ማዳበሪያ በኩንታል ተለይቶ ይሰፍራል። አንዴ፣ ሁለቴና ሦስቴ የታረመው ማሳም እንዲሁ ቁጥር አለው። አረሙ ራሱ ግን ስም የለውም። ብዙ ጊዜ «ልዩ ልዩ አረም»፣ ሲብስም «እሾሃማ አረም» ተብሎ ይታለፋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። «እሾሃማ አረም» የአረም ስም አይደለም። እሾህ ያለው ተክል ሁሉ አረም አይደለም፤ እሾህ ያለው አረም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። የሚነቀልበት ጊዜ፣ የሚያደርሰው ጉዳትና የሚዛመትበት መንገድ እንደየዓይነቱ ይለያያል። ሳይለዩ መዝመት ጉልበት ማባከን ብቻ ሳይሆን፣ አንዳንዴ የሚጠቅመውን ነቅሎ የሚጎዳውን ማትረፍ ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት አንድ አረም እንውሰድ። ሳይንሳዊ ስሙ ዛንቲየም ስፒኖሰም ይባላል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ዛሬ በብዙ የዓለም ክፍሎች ተዛምቷል። በሀገራችንም በመንገድ ዳር፣ በከብት ማደሪያና ማጠጫ አካባቢ፣ በወንዝ ዳርቻና በተራቆተ የግጦሽ መሬት ላይ ይበቅላል። በአንድ ዓመት በቅሎ፣ አፍርቶ የሚደርቅ ነው። ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር የሚወጣው ወርቃማ እሾህ ሦስት ጣት ስላለው የአውድማ መንሽ ይመስላል። በየአካባቢው የሚጠራበት ስም ስለሚለያይ ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ባለ መንሹ አረም» እንበለው።

የአደይ አበባ ዘመድ

ባለ መንሹ አረም የሚመደበው በአደይ አበባ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ይህ ቤተሰብ በዓለም ላይ ካሉት የአበባ ተክሎች ቤተሰቦች እጅግ ሰፊ ከሆኑት አንዱ ነው። ኑግ፣ ሱፍ፣ ግራዋ፣ ሰላጣና ቀበሪቾ የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በማሳችን ውስጥ ኑግ መስሎ የሚያታልለን መጭም ከዚሁ ወገን ነው። ሀገር እያስጨነቀ ያለው ፓርቴኒየም፣ በአንዳንድ አካባቢ ቅንጨ አረም የሚባለው፣ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። ከአንድ ቤት ዘይትም፣ መድኃኒትም፣ መርዝም ይወጣል ማለት ነው። በመሆኑም «የእገሌ ዘመድ ነው» የሚለው ዕውቀት ብቻውን አይበቃም።

ባለ መንሹን ለመለየት የሚያስቸግረው አንዱ ነገር አበባው ነው። የአደይ ወገን ነው ሲባል ቢጫ አበባ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። አበባው አረንጓዴያማና ጥቃቅን ነው። ወንዴው ከላይ፣ ሴቴው ከታች በአንድ ተክል ላይ ይገኛሉ። የሚያራባውም ንብ ሳይሆን በአመዛኙ ነፋስ ነው። ስለዚህ አበባውን ጠብቆ ለመለየት የሚያስብ ባለሙያ ጊዜው ያመልጠዋል።

ሦስት ጥያቄዎች

አረሙን ለመለየት ማጉሊያ መነጽርም ሆነ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ማሳው ላይ ቆሞ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል።

አንደኛው፣ እሾሁ የት ነው? የሚል ነው። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። በዳንደሮ፣ በሱፍና በሱፍ የዱር ዘመዶች ላይ እሾሁ ያለው በቅጠሉ ጠርዝና በአበባው ዙሪያ ነው። በባለ መንሹ ላይ ግን የቅጠሉ ጠርዝ እሾህ የለውም። እሾሁ የሚወጣው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ነው። ከአንድ መሠረት ተነስቶ ለሦስት ይከፈላል። ርዝመቱ ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቀለሙም ወርቃማ ቢጫ ነው።

ሁለተኛው፣ ቅጠሉ ሲገለበጥ ምን ይመስላል? የሚል ነው። የባለ መንሹ ቅጠል ጠበብና ረዘም ያለ ሲሆን፣ አንዳንዱ ሁለት አጫጭር ጎኖች አውጥቶ በሦስት የተከፈለ ይመስላል። ላዩ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ መሐሉ ላይ ነጭ የቅጠል ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ በግልጽ ይታያል። ሲገለበጥ ጀርባው ጥጥ እንደ ተለበጠ ነጣ ያለ ነው። ላዩ ጥቁር፣ ጀርባው ነጭ፣ ሥሩ ላይ መንሽ ካለ ሌላ ምስክር አያሻም።

ሦስተኛው፣ ፍሬው እንዴት ይያያዛል? የሚል ነው። ፍሬው ከሽምብራ ትንሽ ረዘም ያለ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ገለባ መልክ ያለው ነው። ዙሪያውን ጫፋቸው እንደ መንጠቆ በታጠፈ ጥቃቅን እሾሆች ተሸፍኗል። በበግ ፀጉር፣ በአህያ ጭራ፣ በልብስና በጆንያ ላይ ከተጣበቀ በቀላሉ አይለቅም። ሆኖም ፍሬው ላይ ደርሶ መለየት ሌባን ከዘረፈ በኋላ መለየት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። ባለ መንሹ አረም በቅጠሉና በቅጠሉ ሥር ባለው እሾህ ሊታወቅ ይገባዋል።

ከማን ጋር ይምታታል?

የአካባቢ ስሞች ሀብት ናቸው፤ ለሪፖርት ሲሆኑ ግን ያሳስታሉ። በአንዱ አካባቢ ኮሸሽላ ሲባል ቀይ አበባ የሚያወጣ፣ ለአጥር የሚሆን ቁጥቋጦ ነው። እርሱ ከነጭራሹ የአደይ ቤተሰብ አይደለም። በሌላው አካባቢ ኮሸሽላ ወይም ዳንደሮ ሲባል ክብ ኳስ የመሰለ አበባ ያለው፣ ዓመት ከዓመት የሚቆይ ተክል ነው። በሦስተኛው ደግሞ እሾህ ያለው ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። «ኮሸሽላ ተስፋፍቷል» የሚል መልእክት ወረዳ ላይ የደረሰው ባለሙያ ከሦስቱ የትኛውን ሊያስብ ነው?

ከባለ መንሹ ጋር በጣም የሚቀራረበው ሌላው የዛንቲየም ዝርያ፣ ዛንቲየም ስትሩማሪየም ነው። እርሱ ግንዱ ላይ እሾህ የለውም። ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ ነው። ፍሬው ባቄላ የሚያክል ወይም የሚበልጥ ሲሆን ጫፉ ላይ ሁለት ቀንድ አለው። ሁለቱም ጎጂዎች ናቸው። ይሁን እንጂ «እሾሃማ አረም» የሚለው ሪፖርት ግንዱ እሾህ የሌለውን ትልቁን ዘመድ ከቁጥር ያስቀረዋል።

በሌላ በኩል በመንገድ ዳር የምናየው፣ ቅጠሉ እሾሃማ፣ አበባው ቢጫ የሆነ፣ ሲቆረጥ ቢጫ ወተት የሚያፈስ ተክል አለ። አርጌሞኔ ይባላል። ከአደይ ወገን ሳይሆን ከሌላ ቤተሰብ ነው። ፍሬው በእንስሳት ፀጉር ላይ አይጣበቅም፤ ዘሩ ግን ጥቃቅንና ጥቁር በመሆኑ ከሰብል ጋር ይቀላቀላል። የአንዱ መከላከያ እንስሳውን መፈተሽ ሲሆን፣ የሌላው መከላከያ ዘሩን ማበጠር ነው። ስማቸው በአንድ ከተጠቃለለ መከላከያቸውም ይምታታል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን «እሾህ ነው» ተብሎ የሚጠፋው ጠቃሚው ተክል ነው። ሱፍ እሾሃማና ዓመታዊ የሆነ የአደይ ቤተሰብ ሰብል ነው፤ በጾም ወቅት የሱፍ ፍትፍት የማይሠራበት ቤት ጥቂት ነው። ቀበሪቾም እሾሃማ ነው። ሥሩ ለጭስና ለባህል መድኃኒት ይሸጣል፤ ተክሉም ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ የማይገኝ ነው። «እሾህ ያለውን ሁሉ ንቀሉ» የሚል ዘመቻ በእነዚህ ላይ ቢዘምት ኪሳራው የራሳችን ነው። ኬሚካሉም ከዚህ የተለየ አይደለም። በስንዴና በጤፍ ማሳ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ለማጥፋት የሚረጨው ቱ ፎር ዲ፣ ኑግንና ሱፍን ከአረም አይለይም። መለየት ያለበት ረጪው ነው።

መዘግየት ለምን ይጎዳል?

የባለ መንሹ አረም ጉዳት ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው ገና ሲበቅል ነው። የዛንቲየም ዘሮችና ሁለት ቅጠል ብቻ ያወጡ ቡቃያዎች ጉበት የሚጎዳ መርዝ አላቸው። ጥጆች፣ በጎችና አሳማዎች በብዛት ሲበሉት ይታመማሉ፤ ይሞታሉም። ሣር ባልጠነከረበት የዝናብ መግቢያ ሰሞን ከብት ያገኘውን አረንጓዴ ይለቅማል። በዚያ ዕድሜው መንሹ ገና አልወጣም። ስለዚህ ማንም «እሾሃማ» ብሎ አይመዘግበውም። ሪፖርቱ እሾህ ሲያይ ብቻ የሚነቃ ከሆነ የመጀመሪያው አደጋ ያለ ስም ያልፋል።

ቡቃያውን የመለያ ዘዴ ግን አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ረዘምና ጠበብ ያሉ፣ ወፈር ያሉና ለስላሳ ናቸው። ባለፈው ዓመት ባለ መንሹ በታየበት ቦታ እንዲህ ያለ ቡቃያ ሲገኝ አፈሩን በጥንቃቄ ፈቅፍቆ ማውጣት ነው። ብዙ ጊዜ አሮጌው መንጠቆኛ ፍሬ ከሥሩ ጋር እንደ ተያያዘ ይገኛል። ይህን ያየ እረኛ ከብቱን ከዚያ ቦታ ያርቃል።

ሁለተኛው ጉዳት ፍሬው ሲደርቅ ይመጣል። በእንስሳት ፊት፣ እግርና ጭራ ላይ ይጣበቃል፤ የአጫጆችን እጅ ይወጋል። የበግ ፀጉር በሚፈተልበት አካባቢ ደግሞ ሸክሙ ይከብዳል። በመንዝ የበግ ፀጉር ተፈትሎ ባናና ዝተት ይሠራል። መንጠቆኛ ፍሬ የገባበት ፀጉር አንድ በአንድ ካልተለቀመ እንዝርት ላይ አይወጣም። ይህን ድካም የሚሸከሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ በሪፖርት ግን «የአረም ጉዳት» ተብሎ ሲመዘገብ አይታይም።

የፍሬው አሠራርም ትዕግሥትን የሚፈታተን ነው። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘሮች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቀድሞ ይበቅላል፤ ሁለተኛው ለሌላ ዓመት ይቆያል። ዘንድሮ የበቀለውን ነቅሎ «ጨረስን» ያለ ቀበሌ በሚቀጥለው ዓመት ተቀማጩን ያገኘዋል። ቦታው በስሙ ተመዝግቦ ለተከታታይ ዓመታት ካልተጎበኘ፣ የአንድ ክረምት ዘመቻ የፎቶ ማስታወሻ ከመሆን አያልፍም።

ከሌሎች ሀገሮች የምንማረው

ይህ አረም በራሱ እግር ሩቅ አይሄድም፤ ሰውና እንስሳ ተሸክመውት ነው የሚዞረው። አውስትራሊያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቺሊ በመጡ ፈረሶች ጭራ ላይ ተጣብቆ እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ሀገር ባትኸርስት በተባለችው ከተማ ስም ይጠራል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በግ አርቢዎች ክፉኛ ስለተማረሩበት በመሬታቸው ላይ ያላጠፉ ባለይዞታዎችን የሚቀጣ ሕግ ወጥቶበታል። በአፍሪካንስ ቋንቋ «የቅጣት ቁጥቋጦ» የሚል ስም የተሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። አርሶ አደሩን መቅጣት አለብን የሚል ሐሳብ የለኝም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው። ሕግ ያወጡት ሰዎች አስቀድመው አረሙን በስሙ ለይተውት ነበር።

የራሳችንም ትምህርት አለን። እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ በ2004 ዓ.ም ከታየ በኋላ ስሙ በየቤቱ ገባ። ስሙ ስለታወቀ ገንዘብ ተዋጣለት፤ ማሽን ተገዛለት፤ ሕዝብ በጀልባና በእጁ ዘመተበት። ውጤቱ ላይ መከራከር ይቻላል፤ ስሙን የማያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ፓርቴኒየም በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ሲታይ ብዙዎች እንደ ማንኛውም የመንገድ ዳር ቅጠል ነበር ያዩት። ከማሳ፣ ከግጦሽ መሬትና ከሰው ጤና ጋር እንደሚያያዝ በስፋት ሲታወቅ ብዙ አካባቢ አዳርሶ ነበር። ስም የዘገየበት አረም ጊዜ አትርፎ ይስፋፋል።

ዕውቀቱ አለ፤ ቀበሌ አልደረሰም

የሚያስቆጨው ሀገሪቱ ዕውቀቱን ያጣች አለመሆኗ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የኢትዮጵያ አረሞች መለያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትሟል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋትን በዝርዝር በሚገልጸው ባለ ብዙ ቅጽ ሥራ ውስጥ፣ የአደይ ቤተሰብ ራሱን የቻለ አንድ ክፍል ተሰጥቶት በመስፍን ታደሰ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሐርበሪየም ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ የደረቁ ናሙናዎችን ይዟል። እነዚህ ሥራዎች ግን በእንግሊዝኛና በዕፅዋት ሳይንስ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው እጅ ላይ ያለው መጽሐፉ ሳይሆን የሪፖርት ቅጹ ነው፤ ቅጹ ደግሞ የአረሙን ስም አይጠይቅም።

«የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሥራ በዝቶበታል፤ አርሶ አደሩም አረምን ከእኛ በላይ ያውቃል» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ባለሙያው ከማዳበሪያ እስከ ብድር ማስመለስ ብዙ ሸክም አለበት። አርሶ አደሩም የማሳውን አረም ከእነ ጠባዩ ያውቃል። ችግሩ የአርሶ አደሩ ዕውቀት በአካባቢው ስም ተይዞ ቀበሌው ላይ መቅረቱ ነው። እርሱ የሚያውቀው ከጎረቤት ወረዳ ጋር እንዲነጻጸር፣ ሁሉም የሚስማማበት መለያ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ለባለሙያው ተጨማሪ ሸክም አይሆንም። በተሳሳተ አረም ላይ የሚባክነውን ቀን ይመልስለታል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ የአረም ሪፖርት ቅጽ ላይ ሁለት ዓምድ ይጨመር፤ አንዱ ለአካባቢው ስም፣ ሌላው ለሳይንሳዊው ስም ወይም ለመለያ ቁጥር። ስሙ ያልታወቀ ከሆነም «አልተለየም» ተብሎ ይጻፍ። «እሾሃማ አረም» ከሚለው ይልቅ «አልተለየም» የሚለው ሐቀኛ ነው፤ የሚለይ ባለሙያ እንዲላክም ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ በየአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ የዋና ዋና አረሞች የደረቀ ናሙና በካርቶን ላይ ተለጥፎ ይሰቀል። ተክሉን በጋዜጣ መሐል አድርጎ፣ ከባድ ነገር ጭኖ፣ ጋዜጣውን እየቀያየሩ ማድረቅ ነው። ከነሥሩ፣ ከነእሾሁና ከነፍሬው ይሁን። ፍሬው እንዳይበተን በፕላስቲክ ይሸፈን። ከሥሩ የአካባቢው ስም፣ የተገኘበት ቦታና ቀን ይጻፍ። አንድ ትምህርት ቤት ከተማሪዎቹ ጋር ሊሠራው የሚችል ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ስልክ ያለው ሁሉ ሦስት ፎቶ ያንሳ። አንዱ ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን፣ ሁለተኛው የቅጠሉን ጀርባ፣ ሦስተኛው ፍሬውን ከአንድ ብር ሳንቲም አጠገብ አድርጎ። ከሩቅ የተነሳ የማሳ ፎቶ ለዜና ይሆናል፤ ለመለየት ግን አይጠቅምም።

አራተኛ፣ ተለይቶ ባለ መንሹ መሆኑ ከታወቀ፣ ፍሬ ሳይቋጥር ዝናብ ባለሰለሰው መሬት ላይ ከነሥሩ ይነቀል። እጅ በወፍራም ጨርቅ ወይም በቆዳ ጓንት ይሸፈን። በመኮትኮቻ የሚቆረጥ ከሆነ ከአፈር በታች ይሁን፤ ከላይ ከተቆረጠ ያቆጠቁጣል። ፍሬ ከቋጠረ ሜዳ ላይ አይጣል፤ የተነቀለ ተክል ላይም ፍሬ ሊበስል ይችላልና በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቃጠል። ለአጥር ወይም ለኮምፖስት አይዋል።

አምስተኛ፣ ከገበያ የተገዛ በግ፣ ፍየልና አህያ ከመንጋ ከመቀላቀሉ በፊት ፀጉሩና ጭራው ይፈተሽ። ከወረዳ ወረዳ የሚዘዋወሩ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ከመሻገራቸው በፊት ይጸዱ። ፍሬው ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ በወንዝ ዳርቻ የታየ አረም የታችኛው ተፋሰስ ቀበሌ ጉዳይም ነው፤ ሊነገረው ይገባል።

ይህ ሁሉ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ሁለት ዓምድ፣ አንድ ካርቶን፣ ሦስት ፎቶና አንድ ጓንት ነው። የሚጎድለው ውሳኔ ብቻ ነው። የክልሉ የግብርና አመራር በሚቀጥለው የክረምት ሪፖርት «እሾሃማ አረም» የሚል ቃል ሲያይ ቅጹን መልሶ «የትኛው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ቀበሌ ድረስ ከወረደ ባለሙያው ቅጠሉን መገልበጡ አይቀርም።